ሳጥኑ ያልቆጠራት ልጅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ቡሬ ውስጥ ጎረቤቶቼ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ፈጠም ወንዝ ዳር በጠራራ ፀሐይ ስለምትታይ ነጭ ለባሽ ሴት ሲያወጉ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ወግ የለም። ደፋር ነኝ ማለቴ ግን አይደለም፣ ፈሪስ ከኔ በላይ የለም፣ ነገር ግን የምፈራው በዓይን የሚታየውን ነው፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ያልፈላ ውሃ፣ ያደረ ወጥ፣ ፍሬኑ ያረጀ መኪና። ሁለት ልጆች በአንድ ክረምት በትኩሳት ቀብሬ በሦስተኛዋ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ አባታቸውም ከነሱ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ ስለዚህ ጥንቃቄዬ ቢበዛ አይፈረድብኝም። ያች ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት።

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን የማውቀው ሰው ሲናገር ሰምቼ ነው። አሁን የምነግራችሁንም ግማሹን መምህር ዘውዴ ሲያስረዱኝ የያዝሁት ነውና ስሕተት ቢገኝበት የኔ እንጂ የሳቸው አይደለም።

መምህር ዘውዴ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፣ ከሐረር በኩል የመጡ፣ ሚስት ያላገቡ፣ ቀጭን ሰው። እኔ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ነበር ሥራዬ። የሳይንሱ ክፍል ከግቢው ዳር ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው፣ እዚያ ውስጥ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነው የሚባል፣ ቀለሙ የተሰነጣጠቀ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር፣ ከላዩ የሚዞሩ ቁልፎችና ጭረት ጭረት የተሠራባቸው ክቦች አሉት፣ ከጎኑ የጆሮ ማዳመጫ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ሌሎቹ አስተማሪዎች ቦታ አጣበበ፣ ይጣል ይሉ ነበር። መምህር ዘውዴ ግን አራግፈው፣ ጠግነው፣ የባትሪ ድንጋይ ደርድረው አስነሡት፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሰው ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ሰዓት እሳቸው ለሳጥኑ ሰጡት።

አንድ ቀን ተማሪው ከወጣ በኋላ ወለሉን ስጠርግ ማዳመጫውን ጭነው፣ ቁልፉን ወዲህ ወዲያ እያዞሩ ሲተክዙ አየኋቸው።

«መምህር፣ ምን ጠፋብዎ?» አልሁ።

«ዝምታ ጠፋብኝ፣ እትዬ ዘርፌ» አሉኝ።

የቀልድ መስሎኝ ነበር፣ እውነታቸውን ኖሯል። ሳጥኑ እንደ ንብ እየጮኸ ነው የሚሠራው፣ ቁልፉ ሲዞር ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጨርሶ የሚጠፋበት አንድ ነጥብ አለ፣ ከዚያ ቢያልፉት ተመልሶ ይመጣል፣ ልኩ የሚነበበው ያ ድምፅ በጠፋበት ጭረት ላይ ነው። እሳቸው ግን በልጅነት በሕመም አንድ ጆሯቸው ደንቁሮ የቀረ ሰው ናቸው፣ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ መጨረሻ ላይ ይጠፋ አይጠፋ አይለዩትም። ማዳመጫውን ሰጡኝ፣ እሳቸው አዞሩ፣ ንቡ ራቀ፣ ራቀ፣ በመጨረሻ ላይ ክር የምታህል ቀረች፣ እሷም ተበጠሰች።

«አሁን» አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጅ ትተነፍሳለች አትተነፍስም ብዬ ስንት ሌሊት ጆሮዬን የደገንሁ ሴት ነኝ መምህር፣ በዚህ እንኳ አይጠርጥሩኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አዳማጯ እኔ ሆንሁ።

የሚለኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እኔም ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ስሙኒ ስሙኒ የሚያክሉ ሁለት ጠፍጣፋ ናሶች ፊት ለፊት ተያይተው፣ ሳይነካኩ ይቆማሉ፣ በመካከላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፣ እሱን ኮንደንሰር ይሉታል። አንድ ፍሬ በቆሎ በመካከላቸው ሲገባ ይዞታቸው ትንሽ ይጨምራል፣ ፍሬው እርጥብ ከሆነ ይበልጥ ይጨምራል። ባለፈው ዓመት የብዙ ገበሬ በቆሎ ደርቋል ተብሎ ጎተራ ከገባ በኋላ ሻግቶ ተጥሎ ነበርና መምህር ዘውዴ ገበሬው እህሉን ከማስገባቱ በፊት በአንድ ፍሬ ብቻ ድርቀቱን የሚያውቅበትን መንገድ እፈልጋለሁ ብለው ተነሥተው ነበር።

ችግሩ የልኩ ትንሽነት ነው። አንድ የበቆሎ ፍሬ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ሽቦው ጣት ያህል ቢነቃነቅ፣ ሰው እጁን ወደ ጠረጴዛው ቢያስጠጋ፣ ያ ከፍሬው ይበልጣል። ስለዚህ ሽቦዎቹን ሁሉ በክር ሚስማር ላይ አሰሩ፣ ቁልፉን በእጃቸው ሳይሆን ክንድ በምታህል ደረቅ እንጨት ያዞራሉ፣ መጀመሪያ ባዶውን ይለካሉ፣ ቀጥሎ ከነፍሬው ይለካሉ፣ እውነተኛው ልክ ልዩነቱ ነው። የትምህርት ቤቱ የመብራት ሞተር ሲሠራ ማዳመጫው ውስጥ ጎርፍ ይገባል፣ ስለዚህ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ተማሪው ከወጣ በኋላ ያለችውን ጥቂት ሰዓት ነበር የምንጠቀመው፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል ማለት ነው።

የሰው አካል ራሱ እንደሚቆጠር ያሳዩኝም ያኔ ነው። አንዱን ናስ ገልጠው በሽቦ ሰቀሉት፣ ከሱ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስቀል አሰመሩ፣ ሰው እዚያ ላይ ሲቆም ጠፍቶ የነበረው ድምፅ ይመለሳል፣ በእንጨቷ እያዞሩ እንደገና ሲያጠፉት የዚያ ሰው ቁጥር ይገኛል። መምህር ዘውዴ ሰባት ጭረት ሆኑ፣ እኔ አምስት፣ ርእሰ መምህሩ ስምንት። «በደመወዝም በዚህም በለጡኝ» አሉ መምህር ዘውዴ። ትርንጎ መክሰሴን ይዛ በመጣች ጊዜ እሷንም አቆሟት፣ አምስት ተኩል።

«ግማሽ በለጥሁሽ እማ» አለችኝ።

«ቁመትሽ ነው የበለጠኝ፣ ጥረትሽ አይደለም።»

«ቁመቱንስ ቢሆን ማን ሰጠኝ ልትዪ ነው?»

ሁሉንም በደብተር ጻፉት። ቆይቼ ቆይቼ ደግሞ ሳልዞር በድምፁ ብቻ ማን እንደገባ ማወቅ ለመድሁ፣ እመኑኝ፣ እሳቸው ሲመጡ ድምፁ ፈጥኖ ይነሣል፣ ትርንጎ ስትመጣ ግን እየተወዛወዘ ነው የሚነሣው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ረግታ መቆም አትችልምና፣ ክብደቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሰች ነው የምትቆመው።

እንግዲህ ትርንጎ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አልፋ ነበር። መምህር ዘውዴ ራሳቸው ማመልከቻ ጽፈውላት አዲስ አበባ ለነርስነት ትምህርት ተቀባይነት አገኘች፣ ከመስቀል በኋላ እስከዚህ ቀን ድረስ ካልተገኘሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል የሚል ወረቀት መጣላት። እኔም እሺ ብያለሁ፣ በሰው ፊት እሺ ብያለሁ፣ ውስጤ ግን አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ሌሊት ሌሊት ይታየኝ ነበር። ከሄደችብኝ ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር አይኖርም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፣ እናት ልጇን ለማስቀረት ሰበብ ፈለገች እንዳይሉኝ።

አውቶቡሱ በማግሥቱ ንጋት ላይ ሊነሣ፣ በዋዜማው ማታ መምህር ዘውዴ ከአንድ ገበሬ የመጣ በቆሎ ነበራቸውና እንደተለመደው ማዳመጫውን ጭኜ ተቀመጥሁ። ጀርባዬ ወደ በሩ ነው። እህሉን ጨርሰን ናሱን ገልጠው ሰቅለውታል፣ ባዶውን አስተካክለን ድምፁ ጠፍቷል፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ዝምታ ብቻ ነው። በዚህ መካከል አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ደንግጬ ዞርሁ፣ ትርንጎ ናት።

«መቼ ገባሽ?»

«አሁን። መምህርን ልሰናበት መጥቼ ነው።»

አልሰማኋትም። ናሱ አጠገብ አልፋ ነው የመጣችው፣ ማዳመጫው ግን ትንፍሽ አላለም። ሐሳብ ወስዶኝ ይሆናል አልሁ።

መምህር ዘውዴ ደስ ብሏቸው «ነይ፣ ለመሰናበቻ ቁጥርሽን እንውሰድ፣ ስትመለሺ ስንት እንደጨመርሽ እናያለን፣ አዲስ አበባ ያወፍራል ይባላል» አሉና ወደ መስቀሉ ላኳት። ሄዳ ቆመች። አዲስ ጫማዋን ተጫምታለች፣ ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

ዝምታ ነው።

«እህስ፣ እትዬ ዘርፌ?»

«ምንም የለም።»

«እንዴት ምንም? ልጅቷ ቆማ የለም እንዴ?» እንጨቷን አንሥተው ቁልፉን እስከ አምስት ተኩል አዞሩት፣ ያኔ ድምፁ መጣ። ወደ ባዶው ሲመልሱት ጠፋ። ይህ ማለት፣ ልብ በሉልኝ፣ ለሳጥኑ መስቀሉ ላይ ማንም የለም ማለት ነው።

«ደክሞዎታል» አሉና ማዳመጫውን ተቀብለው እኔን አቆሙኝ። ቁልፉን አዞሩ፣ አምስት። ራሳቸው ቆሙና እኔ አዳመጥሁ፣ ሰባት። ሽቦውን ክር በክር ፈተሹ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ሳብ ሳብ አደረጉት፣ ደኅና ነው። ከዚያ ወደ ትርንጎ እግር ተመለከቱና ሳቁ።

«ጫማው ነዋ። ጎማ ነው፣ ከመሬት ለይቷት ይሆናል። አውልቂው እስቲ።»

ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ መስቀሉን ረገጠች፣ የጠመኔው ዱቄት ተረከዟ ላይ ሲጣበቅ አያለሁ። ጆሮዬን እስኪያመኝ ደገንሁት።

ምንም።

«ሞቻለሁ ማለት ነዋ» አለች ትርንጎ እየሳቀች።

«አፍሽን ዝጊ» አልኋት፣ ድምፄ ከፍ ብሎብኝ መምህር ዘውዴም ቀና ብለው አዩኝ።

እሳቸው ያረጀ ዕቃ ነው፣ ያስቸግራል፣ ነገ ፈትቼ አየዋለሁ አሉ። ቤታቸው የሚሰጧት መጽሐፍ ነበርና «ነይ፣ ሳይጨልም ልስጥሽ» ብለው ይዘዋት ወጡ። እኔ ዕቃውን እንድሰበስብ ቀረሁ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁትና የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ምስክር የለኝም። በመስኮቱ ሁለቱ ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ ይታዩኝ ነበር፣ የሷ ነጭ ነጠላ ከባሕር ዛፉ ሥር ይታያል። ማዳመጫውን አንሥቼ ላንጠለጥል ስል ከውስጡ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ንቡ ይጮኻል። ቁልፉ በባዶው ላይ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከኔ በስተቀር ሰው የለም፣ እኔም የምቆመው ሁልጊዜ በምቆምበት፣ ከናሱ ራቅ ብዬ ነው።

ተመልሰው የመጡ መስሎኝ ዞር አልሁ። በሩ ባዶ ነው። መስቀሉ ባዶ ነው፣ የእግሯ አሻራ ብቻ ጠመኔው ላይ አለ።

ብልኅ ሴት ብሆን ያኔውኑ በወጣሁ ነበር። እኔ ግን ክዳን ያልተዘጋ ነገር ትቼ መሄድ የማልችል ሰው ነኝ፣ እንጨቷን አነሣሁና እሳቸው እንደሚያደርጉት ቁልፉን አዞርሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፁ ይቀጥናል። አራት፣ አምስት። ክር የምታህል ቀረች። አምስት ተኩል ላይ ተበጠሰች።

ቆሜ ማዳመጥ ቀጠልሁ። ያ ዝምታ ጥቂት ቆየና ድምፁ ቀጭን ሆኖ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያመላልስ እንደሚሆነው። በመስኮቱ አየሁ፣ ነጩ ነጠላ የመምህር ዘውዴ ደጃፍ ላይ ነው፣ መጽሐፉን ስትቀበል ጐንበስ ስትል እንኳ ይታየኛል።

«ትርንጎ» አልሁ በቀስታ፣ ወደ ባዶው መስቀል።

መወዛወዙ ቆመ። ጸጥ አለ፣ ሲጠሩት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሰው።

ወደ መስቀሉ አልሄድሁም፣ እጄንም አልዘረጋሁም። የባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። መምህር ዘውዴ ሲመለሱ «ምነው ፈቱት?» ቢሉኝ «መሽቷል መምህር» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብተን ሻንጣዋን አሰርን፣ እራት በላን፣ እንደ ወትሮዋ ነበረች። አጠገቧ ተኛሁና እጄን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ሞቃት ናት፣ ትተነፍሳለች፣ ልቧ ይመታል። ታዲያ ሌሊቱን ሁሉ ምን አስለቀሰሽ ትሉኛላችሁ፣ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው ያደርሁት። አንዱ ሐሳቤ ልጅሽ ነገ በረሃው ውስጥ ትቀራለች፣ ሳጥኑ ነግሮሻል ይለኛል፣ ሌላው ሐሳቤ የተበላሸ አሮጌ ሳጥን ሰምተሽ የልጅሽን ዕድል ልትሰብሪ ነው ይለኛል። ሦስተኛም ነበረ፣ እሱን ለመናገር አፍራለሁ፣ እሰይ፣ ሰበብ አገኘሽ የሚል።

ጎሕ ሲቀድ ሻንጣዋን አንሥታ ነጠላዋን ስታጣፋ በሩ ላይ ቆምሁባት። እኛ አገር ወላጅ በልጁ በጣም ሲጨንቀው የሚያደርገው ነገር አለ፣ እኔ ግን በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም ነበር።

«በጠባሽው ጡቴ፣ በማርያም ገዝቼሻለሁ» አልኋት። «ከዚህ ደጃፍ እንዳትወጪ።»

ግዝት ደርሶባችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ተከራክረው የሚረቱት ነገር አይደለም። አየችኝ። የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከአደባባዩ ተሰማ።

«ምን አየሽ እማ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሰማሽ?»

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ። እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥነው። ከዚያ ሻንጣዋን አስቀመጠችና «እሺ» አለች፣ ይኸው ነው።

አውቶቡሱ በሰላም ገባ። አንድ ጎማ እንኳ አልፈነዳበትም። መምህር ዘውዴ በሦስተኛው ቀን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ፣ ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ከዚህ አገር ለአንዲት ልጅ የተሰጠ አንድ ቦታ ነበር። ምን ነክቶዎት ነው?»

«ገዝቻታለሁ መምህር።»

«ግዝትንስ ቄስ ይፈታዋል፣ ዛሬውኑ ያስፈቱላት፣ በጭነት መኪናም ቢሆን እልካታለሁ።»

«ቀኑስ አላለፈም?»

አልፎ ነበር። «ምክንያቱን እንኳ ይንገሩኝ» አሉኝ በኋላ፣ ተናደው ሳይሆን አዝነው። ሕልም አየሁ አልኋቸው። ሕልም ሰው ሁሉ ይቀበለዋል፣ እኔ ግን ዋሽቼ ነው። ሳጥኑን ፈትተው አይተውት እንደነበር ነገሩኝ፣ አንድም ብልሽት አላገኙበትም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፣ ሳጥኑንም አስፈቅደው ይዘውት ሄዱ፣ ስለዚህ ትርንጎን ዳግመኛ ማቆም ብፈልግ እንኳ የማቆምበት የለኝም።

ትርንጎ አልወቀሰችኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ትሠራለች፣ ትፈትላለች፣ ስጠራት አቤት ትላለች፣ የማይስቅ ነገር ስናገር እንኳ ለኔ ብላ ትስቃለች፣ ነገር ግን ሁለት ሰው ያለበት ቤት አይመስልም ነበር። አንድ ሰው ማግባት ፈልጎ ሽማግሌ ቢልክ «የምሄድበት አለኝ» ብላ መለሰቻቸው፣ የት ነው ብላቸው አልነገረችንም አሉ። እራት አቅርቤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እየበላሁ የምትናፍቀኝ ጊዜ ነበረ። ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ የምትናፍቃት እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በአራተኛው ዓመት ወደ ቡሬ ጤና ጣቢያ አዲስ ነርስ መጣች። እኔ ወገቤን ያመኝ ነበርና ትርንጎ ይዛኝ ሄደች። ተራችን ደርሶ ገባን፣ ነርሷ ወረቀት እየጻፈች ነበር፣ ቀና ስትል ብዕሯን ጣለች።

«ትርንጎ! አንቺ ጅማ አልነበርሽም እንዴ የተመደብሽው?» ብላ ተነሥታ አቀፈቻት፣ ከግራ ከቀኝ ሳመቻት። ትርንጎ እጇን እንኳ አላነሣችም።

«ተሳስተሻል እህቴ» አለቻት፣ «እኔ ከቡሬ ወጥቼ አላውቅም።»

ነርሷ ወደ ኋላ ብላ አየቻት። ለቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ምን አጠፋሁብሽ?» አለች። «ሦስት ዓመት አዲስ አበባ በአንድ ክፍል አብረን ተኝተን?» ወደኔ ዞራ «እርስዎ ማን ነዎት እናቴ?» አለችኝ።

«እናቷ ነኝ።»

ይህን ስል ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ክፉ ሰው ነው ያየችኝ። መርፌውን ወግታኝ፣ ወረቀቱን ጽፋ፣ ስንወጣ እኔን ብቻ ወደ ኋላ አስቀረችኝና በቀስታ እንዲህ አለችኝ፣ «እናቴ ገዝታኝ፣ ግዝቷን ጥሼ ነው የመጣሁት ትለን ነበር። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲመጣለት እሷ ብቻ ግድግዳውን ታይ ነበር። አንድ መስመር እንኳ ምን ነበረበት?»

ምን ልበላት? የለችም እዚያ፣ አልሄደችም፣ እዚህ ከኔ ጋር ናት ልበላት? በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ትርንጎ ከፊቴ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ገበያውን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ ሳታየኝ፣ «እማ፣ ከመስኮቱ ሥር የነበረው አልጋ የማን እንደነበር ነገረችሽ?» አለችኝ።

«የምን አልጋ? አልጋ አላነሣችም።»

«እንጃ» አለችና እርምጃዋን ጨመረች።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሣችም። ነርሷ በተራዋ ተዛወረች። እኔ ግን አንድ ቀን ትርንጎ ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ሰዓት ወረቀት አውጥቼ ጻፍሁ። ለውድ ልጄ ለትርንጎ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እናትሽ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ፣ ግዝቱን ቄስ ጠርቼ አስፈትቼዋለሁና አይክበድሽ። አድራሻውን ጅማ፣ ሆስፒታል ብዬ ጻፍሁና ፖስታ ቤት ወሰድሁት። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ስሙን አንብቦ «ትርንጎ ያንቺዋ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ጠዋት እዚህ አላየኋትም?» እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር፣ አላለኝም፣ ቴምብር ለጠፈና ወረወረው። ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። ቢዘገይ በሁለት ወር ተመልሶ ይመጣል፣ እስካሁን ጠፍቶብን አያውቅም አለኝ።

በየሳምንቱ እየሄድሁ ጠየቅሁ። ሁለቱ ወር አለፈ፣ መንፈቅም ሆነ፣ ዓመትም ሞላው። አሁን ይህን ስነግራችሁ ትርንጎ ከደጅ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ እንዝርቷ ሲሾር ይሰማኛል። ደብዳቤው አልተመለሰም።